የተሰነጠቀው ምጣድና ወፎች

ልጆች ሆይ፤ እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ምን ይደረጋል? ወደ ጓሮ ይጣላል። ዶሮ ይረግጠዋል፤ ሣር ይበቅልበታል። ከጣራ የወረደ የመብራት መሸፈኛ፥ አፉ የተሸረፈ ማሰሮ፥ ቀዳዳ ያበጀ መታጠቢያ ሳህን ዕድላቸው እንደዚሁ ነው። ነገር ግን ለሰው የማይረባው ዕቃ ለወፍ ገበታ ሊሆን ይችላል።

ይህን በክፍል ውስጥ ባስተማርሁ ጊዜ፥ ከቆላ አገር መጥቶ በአክስቱ ቤት የሚኖር አንድ ተማሪ ተነሥቶ፥ «የኔታ፥ እኛ በአገራችን ከማማ ላይ ቆመን በወንጭፍ ወፍ ስናባርር እንውላለን፤ እርስዎ ደግሞ አብሏቸው ይላሉ» አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ እውነት ተናግሮአልና። ግሪሳ የሚባለው ወፍ እንደ ደመና ሆኖ መጥቶ በማሽላ እርሻ ላይ ያርፋል። አንዱ ግሪሳ በቀን የሚበላው እስከ 10 ግራም ብቻ ነው። መቶ ሺህ ግሪሳ ግን በአንድ ቀን እስከ 10 ኩንታል ይበላል። ስለዚህ በደረሰ እህል አጠገብ ለወፍ ምግብ የሚያቀርብ ሰው የጎረቤቱን ልፋት ያጠፋል። የምነግራችሁ ነገር ለግቢና ለአትክልት ቦታ ነው እንጂ ለእርሻ ዳር አይደለም።

ደግሞም ወፍ ሁሉ ግሪሳ አይደለም። ድንቢጥ እህል ትለቅማለች፤ ጫጩቶችዋን ግን የምታሳድገው በትልና በልዩ ልዩ ነፍሳት ነው። በቻይና አገር፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1958 ዓመት፥ ድንቢጥ እህል ትበላለች ተብሎ እንድትጠፋ ታዘዘ። ሕዝቡም ድስትና ከበሮ እየመታ ወፎቹን ማረፊያ አሳጣቸው፤ ደክመውም ከሰማይ ወደቁ። ከዚህ በኋላ ድንቢጦች ይበሉአቸው የነበሩ ተባዮች በዝተው እህሉን ጎዱት። በ1960 ዓመት ድንቢጥ ከሚጠፉት ተራ ወጣች፤ በእርስዋም ፈንታ ትኋን ተጻፈ። ተማሪውም ይህን ሰምቶ ተቀመጠ፤ የተስማማ ግን አይመስልም ነበር።

አሁን ወደ ሥራችን እንመለስ። ምጣድ ሰፊና ዝርግ ስለ ሆነ ብዙ ወፎች ሳይገፋፉ ይበሉበታል። ስንጥቁም አይጎዳም፤ እንዲያውም የዝናቡ ውሃ በእርሱ በኩል ይወርዳል። ምጣዱን ድመት ሊያደባበት ከሚችል ቁጥቋጦ አርቃችሁ በከፍታ ላይ አስቀምጡት። አሮጌ የቆርቆሮ አክንባሎ ካለ፥ በአራት እንጨት ላይ ከበላዩ ቢደረግ ጥሩ ጣራ ይሆናል። ከጭድና ከጭቃ የተሠራው አክንባሎ ግን አይሆንም፤ ዝናብ ያፈርሰዋል። ጎድጓዳው የመብራት መሸፈኛ በሦስት ሽቦ ታስሮ ከዛፍ ቅርንጫፍ ይንጠለጠላል። የተሰበረ መስታወት ከሆነ ግን ተዉት፤ የእናንተን እጅና የወፎቹን እግር ይቈርጣል።

አፉ የተሸረፈው ማሰሮ ለውሃ አይሆንም፤ ጠልቆ ትንሽ ወፍ ያሰጥማል። ለውሃ የሚሻለው ዝርግ ሳህን ነው፤ ጥልቀቱም ከሦስት ጣት አይብለጥ። እግራቸው እንዳይንሸራተት በመካከሉ ሸካራ ድንጋይ አኑሩ። ውሃውን በየቀኑ ለውጡ፤ ብዙ ቀን የቆመ ውሃ የወባ ትንኝ ይፈለፍላልና።

ለምግብ ዳጉሳ፥ ማሽላ፥ ኑግ፥ የተከካ በቆሎ መልካም ነው። ጨው ያለበትና የሻገተ ነገር አትስጡ። (በርበሬስ? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ወፍ የበርበሬን ማቃጠል አታውቅም፤ እኛን የሚያስለቅሰንን እርስዋ እንደ ፍራፍሬ ትበላዋለች። ፍሬው ብዙ ጊዜ ሳይፈጭ ከኩስዋ ጋር ይወጣና ማንም ባልዘራው ቦታ ይበቅላል፤ ወፍ ዘራሽ የምንለው ይህን የመሰለውን ነው።) የምግቡ መጠን እስከ ማታ የሚያልቀውን ያህል ይሁን። የተረፈው አይጥ ይጠራል።

ዕቃውን ከማንጠልጠላችሁ በፊት ምን እንደ ነበረበት ጠይቁ። የተባይ መድኃኒት የነበረበትን ቆርቆሮ ብታጥቡትም እንኳ ለወፍም ለሰውም አታድርጉት። የፋኖስ ላምባ መያዣም አይሆንም። ቀለሙ የሚላላጥ አሮጌ ዕቃም እንደዚሁ ይቅር፤ በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባል መርዝ ሊኖር ይችላል።

እኔ ራሴ በዚህ ነገር በድያለሁ። አንድ ክረምት ምግቡን በየጊዜው እጨምር ነበር እንጂ ዕቃውን አላጥብም ነበር። አንዲት ዋኖስ ላባዋን ነፍታ ተቀምጣ አየሁ። እህሉን በአፍዋ ታነሣለች፤ መዋጥ ስላልቻለች መልሳ ትጥለዋለች። ሌሎቹ ዋኖሶች ያን የጣለችውን ይለቅሙ ነበር። በጥቂት ቀን ውስጥ ከዛፉ ሥር አምስት ሞተው አገኘሁ። በዋኖስና በእርግብ ጉሮሮ የሚወጣ ደዌ አለ፤ ከአፍ በወደቀ ምግብና በውሃ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ምግብ የሰጠኋቸው መስሎኝ ነበር፤ ያከፋፈልሁት ግን ደዌ ነበር። እንዲህ ያለች ወፍ ካያችሁ ገበታውንም ውሃውንም ወዲያው አንሡ፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አትመልሱት። በሳሙና አጥባችሁ በፀሐይ ፈጽሞ እስኪደርቅ አስጡት። ወፎቹ ጤነኞች ቢሆኑም በየሳምንቱ እጠቡት፤ ከዚያም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

በማግስቱ ያ ከቆላ የመጣው ተማሪ ዳሩ የተላላጠ አሮጌ የብረት ሳህን ይዞ መጣ። እኔ ሳልጠይቀው፥ «አክስቴን ጠይቄአታለሁ፤ ወጥ ብቻ ነበር የሚወጣበት» አለኝ። ሳህኑን ገልብጬ አየሁት፤ የተላላጠው ዳር ብቻ አልነበረም። «ቀለሙስ?» አልሁት። ጥቂት አሰበና ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ከሰዓት በኋላ የተሰበረ ምጣድ ግማሽ በራሱ ላይ ተሸክሞ በበሩ ገባ።