ለድሃ ቤተ ሰብ በእጁ ስለሚሰጥ ገንዘብ

ለድሃ መስጠት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን በዝክርና በተዝካር፣ በበዓል ቀንና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲመጸውቱ ኖረዋል። ይህ የሚመሰገን ምግባር ነው፤ ዳሩ ግን ድሃው ነገ ምን እንደሚያገኝ አያውቅምና አስቦ ሊኖርበት አይችልም። ዛሬ የምንናገረው በታወቀ ቀንና በታወቀ ልክ ለድሃ ቤተ ሰብ በእጁ ስለሚሰጥ ገንዘብ ነው።

ዝናብ በጎደለ ቍጥር ከውጭ አገር እህል መለመን ለብዙ ዘመን ልማድ ሆኖ ነበር። እህሉም ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ገበሬው በሬውን ከሸጠ በኋላ ነበር። ይህን ለማስቀረት መንግሥት ከለጋሾች ጋር ሆኖ በ1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲ ኔት ፕሮግራም የተባለውን ሥራ ጀመረ፤ በመጀመሪያውም ጊዜ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ታቀፈበት። ጕልበት ያለው እርከን እየሠራና መንገድ እየጠረገ እንዲከፈለው፣ ሽማግሌውና አካሉ የጎደለው ግን ያለ ሥራ እንዲረዳ ተወሰነ። በገንዘብ በሚከፈልበት ወረዳ ልኩ በመጀመሪያ ለአንድ የሥራ ቀን 6 ብር ሲሆን፣ ለአንድ ነፍስ በወር 5 ቀን እየታሰበ በዓመት ለ6 ወር የሚሰጥ ነበር።

እንግዲህ አምስት ነፍስ ያሉበትን አንድ የገበሬ ቤት እናስብ። የሚደርሰው በወር 150 ብር፣ በ6 ወር 900 ብር ነበር። ለከተማ ሰው ይህ ጥቂት ይመስለዋል። ነገር ግን ይህ ገንዘብ የሌለው ቤት ክረምቱን እንዴት እንደሚያልፍ መመልከት ይገባል። ጎተራው ባዶ ሲሆን አስቀድሞ በጎቹን፣ ቀጥሎ በሬውን ይሸጣል፤ ጎረቤቱም ሁሉ በዚያው ሰሞን ስለሚሸጥ ዋጋው ይረክሳል። ያም ሲያልቅ በአራጣ ይበደራል። በሬ የሌለው ገበሬ መሬቱን ለባለ በሬ በእኩል ይሰጣል፤ መከሩ ሲደርስ ግማሹ የሌላ ሰው ነው፤ ከቀረውም ላይ ባለ ዕዳው ይጠብቀዋል። ልጁም ትምህርቱን ትቶ ለእረኝነት ይቀጠራል። እንዲህ ሆኖ የአንድ ክረምት ረኃብ የብዙ ዓመት ድህነት ይሆናል።

ገንዘቡ በቀኑ የደረሰለት ቤት ግን እህሉን ከገበያ ሸምቶ፣ በሬውን በበረቱ አቆይቶ፣ መሬቱን በራሱ እጅ ያርሳል። ከጨውና ከበርበሬ የተረፈችውም ለልጁ ደብተር ትሆናለች። ሥራውን የመረመሩ ሊቃውንት፣ አምስት ዓመት የተረዱት ቤተ ሰቦች አንድ ዓመት ብቻ ከተረዱት ይልቅ የረኃባቸው ጊዜ ከአንድ ወር በላይ እንዳጠረ፣ የከብታቸውም ቍጥር እንደ በለጠ ጽፈዋል።

አንዳንዶች «ገንዘብ ለድሃ ቢሰጡት በመጠጥ ያጠፋዋል» ይላሉ። በ2006 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ሊቃውንት በብዙ አገር የተደረጉትን ጥናቶች አሰባስበው ቢመረምሩ፣ ርዳታው ለመጠጥና ለትምባሆ የሚወጣውን ገንዘብ ሲጨምር አላገኙትም። የቤቱን ጕድለት ከባለቤቱ የበለጠ የሚያውቅ የለምና ይህ የሚያስደንቅ አይደለም።

ነገር ግን ገንዘብ ብቻውን አይበላም። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ እጅግ በናረ ጊዜ የቀኑ ክፍያ ከ6 ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም ከገበያው ሊደርስ አልቻለም፤ ብዙዎቹም ከብሩ ይልቅ እህሉ ይሻለናል እስከ ማለት ደረሱ። ደግሞም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፍያው እየዘገየና እየጎደለ ነበርና፣ ከተወሰነለት ግማሹን እንኳ ባላገኘው ቤት ብዙ ለውጥ አልታየም፤ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኘው ግን ኑሮው ተሻሽሎ ተገኝቷል።

ስለዚህ በዚህ ሥራ ላይ የተሾመ ሁሉ አንድ ነገር ያስብ። የክፍያው መዝገብ በጠረጴዛው ላይ አንድ ወር ቢያድር ለእርሱ የወረቀት መዘግየት ነው፤ ለገበሬው ግን በሬውን የሚሸጥበት ወር ነው። ልኩም ከገበያው ዋጋ ጋር በየጊዜው ይመዛዘን። በየደብሩ ያላችሁ ካህናት ደግሞ፣ የተረጂዎች ስም በቀበሌ ሲጻፍ አፍ የሌላት መበለትና ጧሪ የሌለው ሽማግሌ እንዳይረሱ ተናገሩላቸው፤ የየቤቱን ችግር ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ ጥቂት ነውና።