ስለ መንትያ ቤት ዋጋና ሙቀት

በለንደን ሰሜን ምዕራብ፣ በዌምብሊና በሃሮው ሰፈሮች፣ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የባቡር ሐዲዱን ተከትለው ከተሠሩት ቤቶች እጅግ ብዙዎቹ በአንድ የጋራ ግድግዳ ተጣምረው አንድ ጣራ የለበሱ መንትያ ቤቶች ናቸው፤ ለእነዚህም የኃይል አጠቃቀም የምስክር ወረቀት ማዘጋጀት የዘወትር ግብሬ ስለ ሆነ፣ በአፍአ ሲያዩዋቸው አንዳች ልዩነት የማይገኝባቸው ሁለት ጎረቤታም ቤቶች በውስጣቸው ምን ያህል እንደሚራራቁ ደጋግሜ ተመልክቻለሁ።

የቤቱን ዋጋ የሚገምተው ሰው አስቀድሞ የሚያየው በዚያው መንገድ በቅርቡ የተሸጡት ቤቶች ያወጡትን ገንዘብ፣ የመኝታ ክፍሎቹን ብዛትና የባቡር ጣቢያውን ቅርበት ነው፤ ገማች እግሩን ሳያነሣ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1995 ጀምሮ ያለውን የሽያጭ መዝገብ መሠረት አድርጎ በስሌት ብቻ የሚወጣ ግምትም ተለምዷል። ግድግዳው በምን እንደ ተሞላ ግን ይህ ስሌት አይጠይቅም፤ ገዥውም የሚያውቀው በመጀመሪያው የቁር ወራት የጋዝ ሒሳብ ሲመጣለት ነው።

ስለ ግድግዳው የሚናገረው በእንግሊዝ አገር ከ2007 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የምስክር ወረቀት ነው። ወረቀቱ ለ10 ዓመት የሚጸና ሲሆን፣ ቤቱን በነጥብ መዝኖ ከኤ እስከ ጂ ባሉት ፊደላት ማዕርግ ይሰጠዋል፤ የሲ ማዕርግ የሚጀምረው ከ69 ነጥብ ነው። ለማሞቂያ፣ ለሙቅ ውኃና ለመብራት የሚያስፈልገው ወጪ ከቤቱ ስፋት ጋር ሲመዛዘን ነዋሪው እንደ አማካይ ሰው ስለሚቈጠር፣ አንዲት ክፍል ብቻ አሙቀው የሚኖሩት አሮጊትና አምስት ልጆች የሚያሳድገው አባወራ ተለይተው አይታዩበትም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቈጥሩት አሉ፤ እኔ ግን ፍርዱ በሰውየው ላይ ሳይሆን በቤቱ ላይ መሆኑን እንደ ፍትሕ አየዋለሁ።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነው። በ1930ዎቹ የተሠራው ግድግዳ ብዙ ጊዜ በሁለት የጡብ ረድፎች መካከል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት አለው፤ ይህም ክፍተት በማዕድን ሱፍ ወይም በጥቃቅን የፕላስቲክ እንክብሎች ሲሞላ ሙቀቱን ይይዛል፤ ሥራው ከተፈጸመ በኋላ ግን ኅቡእ ነው። እኔም ግድግዳ እንድበሳ ስላልተፈቀደልኝ፣ የሥራው ሰነድ ካልቀረበልኝ፣ ወይም በጡቦቹ መጋጠሚያ ተበስተው የተደፈኑትን ቀዳዳዎች ካላየሁ፣ ክፍተቱን ባዶ ነው ብዬ ለመጻፍ እገደዳለሁ። ከወገኖቻችን አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ቆሜ ያሠራሁት እኔ ነኝ እኮ» ሲሉኝ፣ እውነታቸውን መሆኑን ኅሊናዬ እያወቀ ያለ ማስረጃ ልመሰክርላቸው አልቻልሁም ነበር፤ ደግነቱ የጓሮውን ግድግዳ የሸፈነውን ሐረግ ገለጥ ባደርግ፣ ቀለሙ ከቀድሞው ለየት ባለ ስሚንቶ የተደፈኑ ቀዳዳዎች በተርታ ታዩ።

ይህን ስል ሙላት ሁሉ መልካም ነው ማለቴ አይደለም፤ መጋጠሚያው በተፈረፈረና ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ በሚገርፈው ግድግዳ ላይ እርጥበትን ወደ ውስጥ ሊያሻግር ይችላል። ከእንጨት ወለል በታች ያሉትን የአየር መግቢያዎች ብርድ ፈርተው የሚደፍኑም አግዳሚዎቹን ለመበስበስ ይዳርጋሉ።

እንግዲህ ቤት ለመግዛት ያሰበ ወገኔ ስለ ዋጋው ከመከራከሩ በፊት፣ ሻጩ በሕግ ሊያቀርብ የሚገባውን ይህን ወረቀት ተቀብሎ የተጻፈበትን ዓመት ይመልከት፤ ከዚያ ወዲህ ቦይለሩ ተለውጦ ሊሆን ይችላልና። ስለ ግድግዳው የተጻፈውም በግምት እንደ ሆነ ከተመለከተ፣ ሻጩ የሙላቱን ደረሰኝ ወይም ዋስትና ፈልጎ እንዲያመጣለት ይጠይቅ፤ ሰነዱ ከተገኘ ከቁልፉ ጋር ይረከበው፣ ካልተገኘ ደግሞ ክፍተቱን መሙላት የሚጠይቀውን ወጪ ከዋጋው ላይ እንዲቀንስለት በድፍረት ይከራከር።