«የወፍ በሽታ» ሲባል ምን ብለን እንተርጉም?

እናታችሁ ሐኪም ፊት ተቀምጠው «የወፍ በሽታ ሳይዘኝ አልቀረም» ቢሉ ምን ብላችሁ ትተረጉማላችሁ? በዳላስም በጋርላንድም ለወላጆቻችን የምናስተረጉም ብዙ ነን። ቃል በቃል ከተረጎምነው ሐኪሙ ስለ ወፍ ጉንፋን ሊያስብ ይችላል! የወፍ በሽታ ማለት ግን ዓይንና ቆዳ ቢጫ መሆን ነው። የሌሊት ወፍ ያመጣዋል ተብሎ ይታመን ስለነበር ስሙ ቀረ።

ቢጫነቱ ብዙ ጊዜ የጉበት ምልክት ነው። ሐኪሞች መጀመሪያ ሄፓታይተስ ቢን ይመረምራሉ፤ በኢትዮጵያ ብዙ ሰው አለበትና ትክክል ናቸው። ቫይረስ ካልተገኘ ግን ነገሩ አላለቀም። የሰውነት መከላከያ የራሱን ጉበት የሚያጠቃበት ሕመም አለ፤ ኦቶኢሚዩን ሄፓታይተስ ይባላል። ይበልጥ ሴቶችን ይይዛል። በደም ምርመራ የጉበት ኢንዛይሞችና አይጂጂ የሚባለው ፕሮቲን ብዙ ጊዜ ከፍ ብለው ይታያሉ። ለማረጋገጥ ከጉበት ትንሽ ናሙና ይወሰዳል።

በአሜሪካ በተደረጉ ጥናቶች፣ ጥቁር ታካሚዎች ሕመሙ ሲታወቅ ጉበታቸው ብዙ ጊዜ ጠባሳ ይዞ ይገኛል። ስለ ኢትዮጵያውያን ለብቻ የተጻፈው ጥቂት ነው። በሐረር በ150 የጉበት ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ጫት መቃምን ከጉበት ሕመም ጋር አያይዞታል። ጫት የሚያመጣው የጉበት ጉዳት ደግሞ ኦቶኢሚዩኑን ሊመስል ይችላል።

ስለዚህ ሐኪሙ ስለ ጫት ወይም ስለ ባህል መድኃኒት ሲጠይቅ፣ አባባ ቢያፍሩም ጥያቄውን አትዝለሉት። እንደ ፕሬድኒሶን ያለ መድኃኒት ከታዘዘም «ተሽሎኛል» ብለው በራሳቸው እንዳያቋርጡ ንገሯቸው፤ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል።