ጠቢብና ሸረሪት

በዶሃ፣ ኤዱኬሽን ሲቲ በተባለው የትምህርት ሠፈር፣ በፈረንጆች ዘመን በ2011 ወደ ተከፈተው የኳታር ብሔራዊ የስብሰባ ማዕከል የገባ እንግዳ፣ ቁመቷ ከ9 ሜትር የሚበልጥ፣ በሆዷ የእብነ በረድ እንቁላል የተሸከመች የነሐስ ሸረሪት በራሱ ላይ አጥልታ ሲያገኛት ሳይደነግጥ አያልፍም። ይህችን «እማማ» የተባለች ሐውልት በ1999 ያወጣቻት፣ በፓሪስ የተወለደችው ሉዊዝ ቡርዥዋ፣ ያረጁ ባለ ሥዕል ምንጣፎችን ታድስ ለነበረችው እናቷ መታሰቢያ አድርጋ ነው። ሆኖም ሸረሪት በዚህ ሥራ አርአያ ሆነች እንጂ ሠራተኛ አልሆነችም፤ ነሐሱን ያቀለጠው የሰው ልጅ ነው።

ሸረሪቷን ራሷን ለሥራ የጠራት፣ በ1973 በአርጀንቲና ተወልዶ በበርሊን የሚኖረው ጠቢብ ቶማስ ሳራሴኖ ነው። በቀጭን የካርቦን ዘንግ በተሠራ ክፈፍ ውስጥ በመጀመሪያ ብቻዋን መኖር ከለመደ ወገን አንዲት ሸረሪት ያስገባል፤ እርሷም ለቀናት ወይም ለሳምንታት ድሯን ከዘረጋች በኋላ ትወጣለች፤ ክፈፉ ይገለበጥና ወለል የነበረው ጣራ ሲሆን፣ በማኅበር ከሚኖር ሌላ ወገን የመጡ ሸረሪቶች በእንግዳው ድር ላይ የራሳቸውን ይቀጥላሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል፤ ነገር ግን በልማደ ፍጥረት የማይገናኙ ወገኖች ድር እንዲህ አብሮ መታየቱ የዚህ ሰው ብልሃት ነው። የብራና ጸሐፊ በመጽሐፉ ፍጻሜ ስሙን እንደሚያኖር፣ ሳራሴኖም በሥራው ርእስ ላይ የየሸረሪቷን ወገንና የቆየችበትን ጊዜ ይጽፋል። በ2017 በቦነስ አይረስ ባሳየው ታላቅ ሥራ 7,000 ሸረሪቶች ስድስት ወር ደውረዋል።

ይህን ትብብር ማለት ይገባልን? አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከ60 አንበሶችና ከ60 ነብሮች ጋር ተሥለው ስናይ ላደግን ለእኛ የሰውና የአራዊት ወዳጅነት እንግዳ አይደለም፤ ብሩሽ የያዘ አንበሳ ግን አላየንም። ሸረሪቷም ስለ ዐውደ ርእይ አታውቅም፤ ዓይኗ ደካማ በመሆኑ፣ የተያዘላትን ሲሳይ በክሩ መንቀጥቀጥ ለመስማት ትደውራለች። የጠቢቡ ድርሻ ክፈፉን መምረጥ፣ ጊዜውን መወሰን፣ ከዚያም እጁን መሰብሰብ ነው፤ እኔም ከሁሉ አስቸጋሪ ሆኖ የሚታየኝ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም ሠዓሊ በተፈጥሮው ያላለቀውን መንካት ይወድዳል፣ በሸረሪት ድር ላይ ግን አንድ የጣት እርማት ሁሉን ያፈርሳል።