የፓርኩን ዕዳ የሚከፍለው ጎረቤት

በአገራችን ስለ ብሔራዊ ፓርኮች በሚቀርብ ሪፖርት ውስጥ ሁለት ነገሮች አይጠፉም፤ ይህን ያህል ጎብኚ ገባ፣ ይህን ያህል ገቢ ተገኘ ይባላል። በወጪ በኩል የጠባቂ ደመወዝና የመኪና ነዳጅ ይመዘገባል። ነብር የበላው በግ፣ ጭላዳ የጨረሰው የገብስ ማሳ፣ እህል ሲጠብቅ የዋለ ልጅ ከትምህርት ቤት የቀረበት ቀን፣ ተከልክሎ የቀረ ግጦሽና ማገዶ ግን የትም አይሰፍሩም። እነዚህ ወጪዎች ከመንግሥት ካዝና ስለማይወጡ እንደሌሉ ይቆጠራሉ። የሚወጡት ከደጋው ገበሬና ከአርብቶ አደሩ ኪስ ነው፤ ያ ኪስ ደግሞ ከሁሉም የሳሳው ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ከዚሁ ይነሳል። የዱር እንስሳ የሚተርፈው አጠገቡ የሚኖረው ሰው ሲያሰላው ከሚያጣው የሚያገኘው ሲበልጥ፣ በመሬቱም ላይ የመወሰን መብት ሲኖረው ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል አዋጁም፣ ዘቡም፣ የዓለም ቅርስነቱም ለጊዜው ቢያቆዩት እንጂ አያዛልቁትም።

የጥቅሙና የወጪው አለመገናኘት ጎልቶ የሚታየው ባሌ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ በዓለም ላይ ከ500 በታች የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩበት ነው። የሰነቴ አምባና የሐረና ደን ዝናቡን ይዘው ቀስ እያሉ ስለሚለቁት፣ ከተራሮቹ የሚነሱት ወንዞች በኢትዮጵያና በሶማሊያ ቆላ ለሚኖር 12 ሚሊዮን ለሚገመት ሕዝብ ይደርሳሉ። ገናሌ ወንዝ ላይ የተሠራው ገናሌ ዳዋ 3 የኃይል ማመንጫ 254 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። እንግዲህ በአምባው ላይ ከብትህን አታሰማራ የተባለው አርብቶ አደር፣ በቆላ በመስኖ የሚያለማውን ገበሬ፣ በከተማ አምፖል የሚያበራውን ሰውና በአውሮፓ ስለ ቀይ ቀበሮ የሚጨነቀውን ሰው ሁሉ በነፃ እያገለገለ ነው ማለት ነው። ከእነዚህ ተጠቃሚዎች ስለ ውለታው ክፍያ የሚልክለት የለም። የብዙዎች ጥቅም በጥቂቶች እገዳ ላይ ሲቆም፣ ጥቂቶቹ ዕድሉን ባገኙ ቁጥር እገዳውን ቢጥሱ ሊያስገርመን አይገባም።

ታሪካችንም ይህንኑ ይመሰክራል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1978 ከመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆኖ ተመዘገበ። ነገር ግን ፓርኩ ሲከለል ውስጡ ባዶ መሬት አልነበረም፤ የሚያርሱና የሚያረቡ ሰዎች ነበሩበት። በደርግ ዘመን ከቆላው በኩል የነበሩ ነዋሪዎች በኃይል ተነሱ። ከዚያ በኋላ ፓርክና ነዋሪ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅና ዘብ ሲጠፋ፣ በባሌ ሕዝቡ የፓርኩን ንብረት አፈረሰ፣ የደጋ አጋዘኑም በብዛት ተገደለ። ይህን የሥርዓት አልበኝነት ውጤት ብቻ አድርጎ ማለፍ ይቀላል። ሆኖም በዚያው ወቅት ሰው ሁሉን ነገር አላፈረሰም፤ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱንና የቀብር ቦታውን አልነካም። የፈረሰው የእኔ አይደለም ያለው ነው። በአንጻሩ በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ በሰሜን ተራሮች እሳት ሲነሳ፣ ከእስራኤል የመጡ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስኪደርሱ ድረስ ቅጠል ይዘው እሳቱን የተጋፈጡት የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። በአሥርት ዓመታት ውስጥ አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ፣ ስካውትና በቅሎ አከራይ ሆነው ከፓርኩ እንጀራ የሚበሉ ሰዎች ተፈጥረው ነበር፤ ሰው እንጀራው ሲነድ ዝም ብሎ አያይም።

እንጀራው ግን ለሁሉም እኩል አይደርስም። በደባርቅና በፓርኩ ዙሪያ በቅሎ የሚያከራየው የሚሠራው በተራ ነው፤ የተመዘገበው በበዛ ቁጥር ተራው ይርቃል፤ በቅሎ የሌለው ደግሞ ከመጀመሪያውም የበይ ተመልካች ነው። በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪ፣ ከ400 በላይ አባወራ፣ ወደ ደባርቅ ከተማ ዳር እንዲሰፍር ተደረገ። በቀጣዩ ዓመት ዩኔስኮ ፓርኩን ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከቆየበት የአደጋ መዝገብ አወጣው። ለሣሩና ለዋሊያው እፎይታ ነበር። ለአባወራው ግን ስሌቱ ሌላ ነው፤ ካሣ አንዴ ተቆጥሮ የሚያልቅ ገንዘብ ሲሆን፣ ያጣው ማሳና ግጦሽ ግን በየዓመቱ የሚያስገኝ ሀብት ነበር። የአንድ ጊዜ ክፍያ የዘላቂ ገቢ ምትክ ሊሆን አይችልም። የዓለም ቅርሱ ከአደጋ የወጣው ገበሬው ወደ አደጋ ገብቶ ከሆነ፣ ዕዳው ቦታ ለወጠ እንጂ አልተከፈለም።

ሌላ መንገድ እንዳለ ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልግም። በሰሜን ሸዋ መንዝ ውስጥ ያለው የጓሳ ምድር፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ደጋ፣ ለ400 ዓመት ያህል የኖረው በሕዝቡ በራሱ ጥበቃ ነው። ቀሮ በሚባለው ሥርዓት የአስቦና የጌራ ባለ ርስቶች አለቃ ይመርጡ ነበር፤ አካባቢው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር፤ ሣሩ ደርሷል ሲባል አጨዳው ይፈቀድ ነበር። ሣሩ የቤት ክዳን፣ ገመድና ገሳ ይሆናል፤ ቁጥቋጦው ማገዶ ነው፤ ከአጨዳው በኋላ ከብት ይሰማራል፤ ክረምት ሲገባ ምድሩ እንደገና ይዘጋል። ጥበቃውን የፈጠረው ቀይ ቀበሮ ወይም ጭላዳ አልነበረም፤ ሣሩ ነው። እንስሳቱ በሣሩ ጥላ ሥር ተረፉ። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ባለ ርስትነትን ሲያስቀር ቀሮም አብሮ ቀረ፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ባልታወቀበት ጊዜም ምድሩ ተጎሳቆለ። የመንዝ ሰው ግን በቀበሌዎቹ በኩል የጋራ ደንብ አበጅቶ ጥበቃውን መለሰ፤ ክልሉም እ.ኤ.አ. በ2012 የማኅበረሰብ ጥበቃ ሥፍራ ብሎ በሕግ አወቀው። ጓሳ የሚያሳየን ባለቤትነት ከቱሪስት ዶላር እንደሚቀድም ነው። ያ ሁሉ ዘመን ሲጠበቅ ጎብኚ የሚባል አልነበረም።

ከሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይህን የሚያጠናክር ማስረጃ አለ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1977 አደንን ሙሉ በሙሉ ከለከለች፤ አብዛኛው የዱር እንስሳ ከፓርክ ውጭ በሰዎች መሬት ላይ የሚኖር ሆኖ ሳለ ባለ መሬቱ ግን ከእንስሳው ሕጋዊ ጥቅም አጣ። እስከ 2016 ድረስ ባለው ጊዜ የአገሪቱ የዱር እንስሳት ቁጥር በአማካይ 68 በመቶ ቀነሰ። ክልከላው ብቻውን ለዚህ አበቃ ማለት አይቻልም፤ ሕዝብ በዝቷል፣ አጥር ተበራክቷል፣ ድርቅ ተደጋግሟል። ነገር ግን ክልከላ ብቻውን እንደማያድን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ናሚቢያ በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1996 ሕግ አውጥታ በጋራ መሬት ላይ ላሉ ማኅበረሰቦች እንስሳቱን የመጠበቅና የመጠቀም መብት ሰጠች፤ ዛሬ ከ80 በላይ የማኅበረሰብ ጥበቃ ሥፍራዎች አሏት። ሩዋንዳ ደግሞ ጎሪላ ለማየት የሚከፈለውን በ2017 ከ750 ወደ 1,500 ዶላር ከፍ ስታደርግ፣ ለአካባቢው ሕዝብ የሚሰጠውን የቱሪዝም ገቢ ድርሻ ከ5 ወደ 10 በመቶ አሳደገች። ሩዋንዳ፣ ኡጋንዳና ኮንጎ በሚጋሩት የቪሩንጋ ተራሮች በ1980ዎቹ መጀመሪያ 254 የነበረው የጎሪላ ቁጥር በ2016ቱ ቆጠራ 604 ደርሷል።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ አሉ፤ መከራከሪያቸውም ቀላል አይደለም። አንዱ፣ ተፈጥሮ በገንዘብ አይተመንም፤ ዋሊያ ላይ ዋጋ መለጠፍ ቅርስን ሸቀጥ ማድረግ ነው ይላል። እውነት ነው፣ የዋሊያ መኖር ከየትኛውም ትመና በላይ ነው። ችግሩ ዋጋ አለመተመን ዋጋ የሌለው ከመሆን ጋር በተግባር አንድ መሆኑ ነው። ገብስ በኩንታል፣ በግ በራስ ይሸጣል፤ ዋሊያ ግን ለገበሬው ዜሮ ነው። በዚህ ውድድር የሚሸነፈው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ሌላው፣ ቱሪዝም አይታመንም ይላል። ይህ ትክክል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና፣ በዚያው ዓመት ማብቂያም የሰሜኑ ጦርነት ሲመጣ ጎብኚ ጠፋ፤ በቱሪስት ብቻ ይኖር የነበረው ስካውትና በቅሎ አከራይ ባዶ እጁን ቀረ። የዚህ ትምህርት ግን ጥቅም ይቅር የሚል አይደለም። የጥቅሙ ምንጭ ብዙ ይሁን የሚል ነው፤ የሣር አጨዳ፣ ማር፣ የደን ቡና፣ የካርቦን ሽያጭና የውሃ ክፍያ ቱሪስት ሲቀር አብረው አይቀሩም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። ገንዘቡ ወደ ማኅበረሰቡ ሲላክ መንገድ ላይ ይቀራል፣ የደረሰውም ለየቤቱ ሲካፈል ምንም አይሆንም የሚል ነው። ይህ በብዙ አገር ታይቷል። በመሆኑም ድርሻው በበጎ ፈቃድ የሚሰጥ ስጦታ መሆን የለበትም። ከፓርኩ በር የሚሰበሰበው ክፍያ የተወሰነ እጅ በሕግ ተለይቶ በቀጥታ ለአጎራባች ቀበሌዎች ማኅበር ሊገባ፣ ሂሳቡም በየዓመቱ በነዋሪው ፊት ሊነበብ ይገባል። እድርና እቁብ ያለ ኦዲተር ሲያስተዳድር የኖረ ሕዝብ ይህን ማስተዳደር ያቅተዋል ማለት አያሳምንም። መጠኑ ሲያንስ ደግሞ በየቤቱ ከመበተን ይልቅ በአውሬ ለተበላ ከብት መድን፣ ለቀይ ቀበሮ የበሽታ ምንጭ ለሆነው ለመንደር ውሻ የእብድ ውሻ ክትባት፣ ለወፍጮና ለትምህርት ቤት ቢውል ወጪው ባለበት ቦታ ጥቅሙ ይገናኛል።

ከሁሉም የሚቀድመው ግን ከገንዘብ ይልቅ የሥልጣን ጥያቄ ነው። የመንዝ ሰው የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ የሚወስነው ራሱ ስለሆነ የዘጋውን ይጠብቃል። በሰሜን ተራሮችና በባሌ የሚኖረው ሕዝብ ግን ድንበሩም፣ ክፍያውም፣ መነሳቱም በሌላ ቦታ ተወስኖ ነው የሚነገረው። ብሔራዊ ፓርክ መንግሥት የሚያስተዳድረው ሆኖ ሊቀጥል ይችላል፤ ሆኖም በአስተዳደሩ ውስጥ ድምፅ ያለው የነዋሪ ወንበር፣ በፓርኩ ዙሪያ ደግሞ እንደ ጓሳ በሕዝብ የሚያዝ ቀጠና እንዳይኖር የሚከለክል ምክንያት የለም። ልማትና ጥበቃ ሳይጣሉ መኖር የሚችሉት ከአንዱ የሚጠቀመውና ለሌላው የሚከፍለው አንድ ሰው ሲሆን፣ ያም ሰው እምቢ የማለትም እሺ የማለትም መብት ሲኖረው ነው። ቀጣዩ የፓርክ ድንበር ከመሠመሩ በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ሰው ነው።