ሽቅብ ተጓዡ ነጭ ዓሣ

የአክስቴ ልጅ ለክረምቱ ከሲያትል ሲመጣ ተጣጣፊ የመንጠቆ ዘንግ በሻንጣው ይዞ ነበር። እዚህ ጎጃም፣ የጨሞጋ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆሞ የሐምሌን ድፍርስ ውሃ እያየ «እዚህ ሳልመን አለ?» አለኝ። ሳቅሁበት። በኋላ ሳስበው ግን ጥያቄው ያን ያህል የሚያስቅ አልነበረም።

ሳልመን የለንም። ትራውት የፈለገ ደግሞ መንገዱ ወደ ባሌ ነው። እዚያ ዌብንና ዳንካን በመሰሉ ቀዝቃዛ ወንዞች፣ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኬንያ የመጡ የትራውት ዝርያዎች ተለቀዋል። ኬንያም ብትሆን በቅኝ ግዛት ዘመን ከእንግሊዞች ነው ያገኘችው፤ የእንግዳ እንግዳ መሆኑ ነው። ትራውት ብርድ ይወዳል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ኦክስጅን አብዝቶ ይይዛልና። የእኛዎቹ የጮቄ ተራራ ምንጮችም ብርድ አያጡም። ቢሆንም «እኛም ጋ ይለቀቅ» የሚል ቢመጣ እቃወመዋለሁ፤ ትራውት ሌላውን ዓሣ የሚበላ አዳኝ ነው፣ እኛ ደግሞ ልንጠብቀው የሚገባ የራሳችን ዓሣ አለን።

እሱም የጣና ሰው «ነጭ ዓሣ» የሚለው ነው፤ ተመራማሪዎች ላቢዮባርበስ ይሉታል። ዝምድናው ከሳልመን ሳይሆን ከካርፕ ወገን ነው። ጣና ውስጥ 15 ዝርያዎቹ ተለይተው ተገልጸዋል። 40 ሜትር ገደማ የሚወርደው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሣ ስለነጠላቸው፣ ሐይቁ ውስጥ እርስ በርስ እየተለያዩ ሄዱ። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነገራቸው ነው። የዚህ ወገን ዓሣ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ሆኖም ከ15ቱ ስምንቱ ዓሣ በል ሆነዋል። ድዳም አዳኝ ማለት ነው!

ሳልመንን የሚመስሉት በክረምት ነው። ሳልመን በውቅያኖስ አድጎ ለመራባት ወንዝ ሽቅብ ይወጣል። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎችም ቢያንስ ሰባቱ ዝናቡ ሲጠና በወንዞች አፍ ይሰበሰቡና በግልገል ዓባይ፣ በጉማራ፣ በርብና በመገጭ ወደ ላይ ይጓዛሉ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ድረስ ጠጠር ያለበትን፣ ጥርት ያለ ውሃ የሚፈስበትን ገባር ፈልገው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ግልገል ዓባይ የእኛው የጎጃም ነው፣ ሰከላ ላይ ከግሽ ዓባይ የሚነሳው።

መከራቸውም የሚጀምረው እዚያው ነው። በአንድ ወንዝ አፍ ታጭቆ ተራውን የሚጠብቅን ዓሣ ማጥመድ ችሎታ አይጠይቅም፤ መረብ መዘርጋት ይበቃል። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ላይ የሚበትንም አለ። ብርብራ ዓሣው ኦክስጅን እንዳይጠቀም ያደርገዋል፤ ትልቁም ትንሹም ደንዝዞ ይንሳፈፋል። ዓሣ ፈላጊ የሚበዛበት የፍልሰታ ጾም የሚውለውም በዚሁ ወቅት መሆኑ ያሳስበኛል (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወው)።

ድሮ የደንገል ታንኳ ከዳር ብዙም ስለማይርቅ ጉዳቱ ውስን ነበር። በ1986 (እ.ኤ.አ.) የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ጣና ሲገቡ ነገሩ ተለወጠ። ከ1991 እስከ 2001 (እ.ኤ.አ.) ባሉት ዓመታት ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዝርያዎች 75 በመቶ፣ ጫጩቶቹ ደግሞ 90 በመቶ ያህል ማሽቆልቆላቸውን ጥናት አሳይቷል።

ሕግ አለ። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው፤ ጣና የሚገኝበት ክልልም የራሱን አውጥቷል። ተመራማሪዎች ደጋግመው የጠየቁት ግን አንድ ቀላል ነገር ነው፤ በመራቢያ ወራት የወንዞች አፍ ይዘጋ። የሳልመንና የትራውት አገሮች ደንብም ዘንግና ፈቃድ ከመቁጠሩ በፊት የሚያስከብረው ይህንኑ ነው፣ ዓሣው ሲወልድ አትንካው። ልዩነቱ እዚያ ጠባቂ ወንዙ ዳር ይዞራል፤ እዚህ ደግሞ ሐምሌ ላይ ዝናቡና ጭቃው ጠባቂውን ከቢሮው አያስወጡትም።

ለአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ስነግረው ዘንጉን ከሻንጣው ሳያወጣ ሰነበተ። ሊመለስ ሲል እኔ ጋ ተወው፣ ከኅዳር በኋላ ውሃው ሲጠራ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። እስከዚያ ዘንጉ ከጎጆዬ ጣሪያ ሥር ተንጠልጥሏል።