በጅማ ረግረግና በቡናው ጥላ ሥር ስለሚኖሩ ፍጥረቶች

ክረምት ሲገባ በጅማ ከተማ ማታ ማታ የሚሰማውን የእንቁራሪት ጩኸት የማያውቅ ቤተ ሰብ የለም። ድምፁ ይልቁንም የሚበረታው በቦዬና በኪቶ ረግረግ ዳር ነው። ብዙ ሰዎች እንቅልፍ ነሣን እያሉ ያማርራሉ፤ እኛ ግን ድምፁ የጠፋ ዕለት ልናዝን የሚገባን ይመስለናል።

እንቁራሪት ከዕንቁላሏ ስትወጣ እንደ ዓሣ ጅራት አላት፤ በውሃም ውስጥ ትተነፍሳለች፤ ቆይታም እግር ታወጣለች፤ ጅራቷም ጠፍቶ ወደ የብስ ትወጣለች። ቆዳዋ ስስ ስለ ሆነ ውሃውንም አየሩንም በእርሱ ትስባለች፤ ስለዚህ ውሃ ሲበላሽ አስቀድማ የምትጎዳ እርስዋ ናት። የከተማው ጥራጊ በአዌቱ ወንዝ ሲወርድ፤ ለጡብ የሚሆን ጭቃ ሲቆፈር፤ ዳሩም ሲታረስ፤ የእርስዋ ቤት ይጠባል።

ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኙም። ማልኮልም ላርጀን የተባለው ሊቅ በ1974 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ለዓለም ያስታወቃት አንዲት ትንሽ እንቁራሪት ስሟን ያገኘችው ከእንሰት ነው፤ በእንሰት ቅጠል ብብት ትጠለላለችና። እንሰት በጓሮዋ ያላት እመቤት ሳታውቅ እንግዳ ታስተናግድ ይሆናል።

ልጆች በድንጋይ የሚያሳድዷቸው እስስትና እንሽላሊትም መርዝ የላቸውም።

እባብ ግን ሌላ ነገር ነው። በመቱና በበደሌ መካከል ባለው የቡና አገር ሊቃውንት እስከ 1970ዎቹ ዓመታት ድረስ ያላወቁት፤ ጥቁርና ቢጫ ጌጥ ያለው የእፉኝት ወገን ይኖራል። እፉኝት ሰው ሲቀርበው ከመሸሽ ይልቅ ተጋድሞ መቆየትን ይመርጣል፤ በወደቀ ቅጠልም ውስጥ አይለይም። በባዶ እግር ቡና የሚለቅሙ እናቶችና ልጆች የሚነከሱትም ስለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 የእባብን ንክሻ ቸል ከተባሉ የቆላ አገር በሽታዎች ጋራ ቈጥሮታል።

እንግዲህ ለቀማ የሚወጣ ሁሉ ወፍራም ጫማ ያድርግ፤ ቅጠሉንም በእጅ ሳይሆን በዱላ ይግለጥ። ሰው የተነከሰ እንደ ሆነ ቍስሉን በምላጭ አይብጡት፤ በአፍ አይምጠጡት፤ እግሩንም በገመድ አያስሩት፤ ይህ ሁሉ ጉዳቱን ያብሳልና። ቀለበትና አምባር ቢኖረው ሳያብጥ ያውልቁለት፤ የተነከሰውን እግር በእንጨት ደግፈው እንዳይንቀሳቀስ ያድርጉ፤ ሳያስኬዱም በቃሬዛ ተሸክመው ፈጥነው ወደ ሐኪም ቤት ያድርሱት። እባቡን ለመግደል ግን አይሩጡ፤ መልኩን ማስታወስ ለሐኪሙ ይበቃዋል።